ክሮስኦቨር የፍልሚያ ጌም ስንጠብቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጌሙ ገና አልወጣም። ትሬይለሩ ግን ወጥቷል። ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ እኛ ግን አስር ጊዜ አይተነዋል። ለጓደኛ ልከነዋል። «እገሌ አለበት?» «እገሌስ ይመጣል?» እያልን ሌሊቱን አጋምሰናል።

ተራ የፍልሚያ ጌም ሲመጣ የምናውቀው ቤተሰብ ነው የሚመለሰው። ክሮስኦቨር፣ ማለትም የተለያዩ ጌሞችና ታሪኮች ተዋጊዎች የሚገናኙበት ሲሆን፣ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። በ1996 የስትሪት ፋይተር ሠሪ ካፕኮም የማርቭሎቹን ኤክስ-ሜኖች ከስትሪት ፋይተር ተዋጊዎች ጋር አንድ ስክሪን ላይ አገናኛቸው። ዎልቨሪን ከሪዩ ጋር ተፋጠጠ። ልጆች በየሰፈሩ «ማን ያሸንፋል?» እያሉ የሚከራከሩበት ጥያቄ በጆይስቲክ የሚፈታ ሆነ። ያ ደስታ እስከ ዛሬ አልቀዘቀዘም። በጁን 2025 ማርቭል ቶኮን የተባለው ጌም ሲተዋወቅ ያየሁት ስሜት ያው ነው። ሁሉም ተዋጊዎች ከማርቭል ስለሆኑ በጥብቅ ትርጉሙ ክሮስኦቨር አይባልም። ነገር ግን የጃፓኑ አርክ ሲስተም ወርክስ የሚሠራው፣ አራት ለአራት የሚገጥሙበት ጌም ነው። ክርክሩ ወዲያው የጀመረው በስም ዝርዝር ነበር።

መጠበቅ እወዳለሁ። ብዙ ጌም ጠብቄአለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ጌም ሲወጣ ከሚከፋን ሰዎች አብዛኞቻችን የተጎዳነው በአጠባበቃችን መሆኑን ነው። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች እኔም ጓደኞቼም የሠራናቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሾልኮ ወጣ የተባለ ዝርዝር ማመን

ኦክቶበር 2018። የኒንቴንዶ ክሮስኦቨር የፍልሚያ ጌም ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት ሊወጣ ሁለት ወር እንኳን አልቀረውም። አንድ ፎቶ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው። የጌሙ ማስታወቂያ የሚመስል ምስል ላይ ከዚያ በፊት ያልተነገሩ ተዋጊዎች ቆመዋል። ባንጆና ካዙዊ አሉ። ሻዶው አለ። ጂኖ አለ። አይዛክ፣ ኬን፣ ሌሎችም። ፎቶው ላይ የግሪንች ፊልም ማስታወቂያም ስለሚታይ ሰው «የግሪንች ሊክ» የሚል ስም አወጣለት።

ሰዉ ፎቶውን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ መረመረው። ጥላው፣ ቀለሙ፣ የእጥፋቱ መስመር ሳይቀር ታየ። ብዙዎች «በቃ፣ እውነት ነው» አሉ። በልባቸው ጌሙን ጨረሱት።

ኖቬምበር 1 ኒንቴንዶ የመጨረሻዎቹን ተዋጊዎች አሳወቀ። ኬን መጣ። ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ኢንሲነሮርም መጣ። ሌሎቹ የሉም። ቀጥሎ የሚጨመረው ተዋጊ ደግሞ ፒራንያ ፕላንት፣ ያቺ ከቱቦ ውስጥ ብቅ የምትለው ተናካሽ ተክል ሆነች።

አስቡት። በ1999 በ12 ተዋጊዎች የጀመረ ጌም፣ እስከዚያ የመጣውን ተዋጊ አንድም ሳያስቀር መልሶ፣ ከ70 በላይ ተዋጊ ይዞ ሊወጣ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ሆኖም ያን ምሽት ብዙ ሰው አዝኖ ተኛ። ማንም ቃል ያልገባለትን ነገር የተነጠቀ መሰለው። ኢንሲነሮርን ለዓመታት ሲመኝ የኖረ ልጅ እንኳን ደስታውን በአግባቡ አላጣጣመም፤ ዙሪያው ሁሉ ለቅሶ ነበር።

ባንጆ ግን በዓመቱ፣ በ2019፣ እውነት መጣ። ትሬይለሩ ሲለቀቅ ሰዎች ከወንበራቸው ተነስተው ሲጮሁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ዛሬም አያለሁ። በውሸት ዝርዝር ቀድሞ ቢጽናኑ ኖሮ ያ ጩኸት አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ከሠሪዎቹ አፍ ያልወጣ ስም ስም አይደለም። ሊክ ደርሶን ዓይናችንን መጨፈን ባንችል እንኳ፣ ልባችንን ግን አንስጠው።

ማስታወቂያን እንደ ጌም መቁጠር

ይሄኛው እኔን የሚያመኝ ነው።

በ2010 ሳን ዲዬጎ ኮሚክ-ኮን ላይ ሁለት ጌሞች በአንድ መድረክ ተዋወቁ። ካፕኮም ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከንን ይሠራል። የቴከን ሠሪ ናምኮ ደግሞ በተራው ቴከን ኤክስ ስትሪት ፋይተርን ይሠራል። ዮሺኖሪ ኦኖ ከካፕኮም፣ ካትሱሂሮ ሃራዳ ከናምኮ፣ ሁለቱ ባላንጣዎች እየተቀላለዱ አስተዋወቁን።

በፕሌይስቴሽን ቤት ላደግን ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ልጅ የፍልሚያ ጌም ማለት ቴከን 3 ነበር። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ኤዲ የሚባለውን ተዋጊ ይዞ ቁልፉን ዝም ብሎ የሚጫን ልጅ ሁሌም ነበረ፤ ያንን ልጅ የሚያስቆም ደግሞ ይከበር ነበር። ጂን፣ ኪንግ፣ ዮሺሚትሱ ለእኛ የሰፈር ልጆች ያህል ነበሩ። እናም ሪዩ ወደ ቴከን ዓለም ይመጣል ሲባል የተሰማኝን አልረሳውም።

የካፕኮሙ ጌም በማርች 2012 ወጣ። የናምኮው እስከ ዛሬ አልወጣም። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ለዓመታት «መቼ ነው?» ስንል ኖረን፣ በመሃል የወጡ ስንት ጥሩ ጌሞች «እሱ እስኪመጣ» እያልን አሳለፍን።

ከዚያ ሁሉ በኋላ የስትሪት ፋይተሩ አኩማ ቴከን 7 ውስጥ ገባ። እኛም በ2017 ቤታችን ሆነን ከሄያቺ ጋር አጋጠምነው። የጠበቅነው በር ሳይከፈት ሌላ በር ተከፈተ ማለት ነው። ዛሬ የተዋወቀ ጌም ስሰማ ቀኑ እስኪቆረጥ ድረስ ሌላ ጌሜን አላቆምም።

ጌሙን ሳያዩ መክፈል

እዚያው ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከን ላይ እንቆይ። ጌሙ እንደወጣ ሰዎች ዲስኩን መረመሩ። ገና ለወደፊት የሚሸጡ 12 ተዋጊዎች ዲስኩ ላይ ተቆልፈው ተገኙ። ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በእጁ የያዘውን ዲስክ ለመክፈት እንደገና መክፈል አለበት ማለት ነው። ቁጣው ትልቅ ነበር፣ በእኔ እምነት ተገቢም ነበር።

ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 2011 ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 3 ወጥቶ ነበር። ገዛነው፣ ተማርነው። በኖቬምበር፣ በዚያው ዓመት፣ 12 ተዋጊ የተጨመረበት «አልቲሜት» የሚል አዲስ ጌም ሆኖ ለብቻው ተሸጠ። ዘጠኝ ወር ብቻ! ብላዝብሉ ክሮስ ታግ ባትል ደግሞ በ2018 ሲመጣ 20 ተዋጊ በዋናው ጌም፣ ሌላ 20 በተጨማሪ ክፍያ ነበር። ይሄኛው ቢያንስ ቀድሞ ተናግሯል፤ ማየት ለሚፈልግ ከመግዛቱ በፊት የሚታይ ነበር።

ለእኛ ደግሞ ጌም መግዛት ቀላል አይደለም። አገር ቤት ያለ ልጅ በብር ካርዱ በቀላሉ አይከፍልም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወንድም፣ እህት ወይም አክስት ይለመናል። የሰው ገንዘብና የሰው ውለታ አለበት። ጌሙ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ቢገዛ የሚቀር ነገር የለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ተዋጊ በዋናው ዋጋ እንደሚገኝ፣ ኦንላይኑ እንደሚሠራ፣ ተጨማሪው ስንት እንደሚሸጥ ይታወቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ስም ብቻ መቁጠር

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም ኢንፊኒት በሴፕቴምበር 2017 ሲወጣ ኤክስ-ሜኖች አልነበሩበትም። ዎልቨሪን የለም፣ ማግኒቶ የለም፣ ስቶርም የለችም። ዶክተር ዱምም የለም። በኤክስ-ሜን የተጀመረ ተከታታይ ያለ ኤክስ-ሜን መጣ። የፊቶቹ አሳሳልም ሰው አላስደሰተም። ጌሙ በቶሎ ተረሳ፤ በ2018 ኢቮ በሚባለው ትልቅ የፍልሚያ ጌሞች ውድድር ዋና ዝርዝር ውስጥ እንኳን አልገባም። ስለዚህ «ስም ዋጋ የለውም» የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ክሮስኦቨር የሚኖረው በፍቅር ነው። የምንወደውን ሰው ካላመጣህልን ለምን እንመጣለን?

ግን ያንን ጌም የተጫወቱ ሰዎች ውጊያው ጥሩ እንደነበር ይናገራሉ። እኔም እመሰክራለሁ። ሁለት ለሁለት ነው፤ በፈለጉት ሰዓት መቀያየር ይቻላል፤ የመረጡት የኢንፊኒቲ ድንጋይ አጨዋወቱን ይለውጠዋል። ስም ሲቆጥር የነበረ ሰው ይሄን ሁሉ ሳያየው አለፈ።

በተቃራኒው ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2ን እንይ። በ2000 ሲወጣ 56 ተዋጊ ነበረው። ለስም ቆጣሪ ገነት ነው። ውድድር ላይ ግን ደጋግመው የሚታዩት ጥቂት ናቸው፤ ማግኒቶ፣ ስቶርም፣ ሴንቲኔል፣ ኬብል። ሳይሎክንም ብዙ ሰው ይመርጣት ነበር። ምክንያቱ ፍቅር አልነበረም። ረዳት ሆና ስትጠራ ከላይ የሚመጣን ተጋጣሚ መትታ ስለምታወርድ ነው። የምንወደው ጀግና በትሬይለር ሲበር ማየትና እሱን ይዞ ማሸነፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ትሬይለር ሳይ አሁን ሌላ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። ስንት ለስንት ነው? ረዳት እንዴት ይጠራል? የወጣው ተዋጊ ጉልበቱን ይመልሳል ወይ? አንዱ ሲወድቅ ቀሪው ብቻውን ተስፋ አለው? የእነዚህ መልስ ከአስር ስም በላይ ይነግረኛል።

ጌሙ ሁሌም ይኖራል ብሎ ማሰብ

ጎኩን፣ ሉፊንና ናሩቶን ያገናኘው ጃምፕ ፎርስ በፌብሩዋሪ 2019 ወጣ። በፌብሩዋሪ 2022 መሸጥ ቆመ። በዚያው ዓመት ኦገስት ኦንላይኑ ተዘጋ። መልቲቨርሰስ፣ ባትማንና ሻጊ አንድ ላይ የሚጋጠሙበት፣ በ2022 በነጻ ተከፍቶ ስንቱን ሰበሰበ። በ2023 ተዘጋ፣ በሜይ 2024 ተመለሰ፣ ሜይ 30 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ።

ክሮስኦቨር ከሌላ ጌም ይበልጥ ይሄ አደጋ አለበት። ተዋጊዎቹ የብዙ ባለቤት ናቸው። ፈቃዱ ሲያልቅ ጌሙ ከመደብር ሊወርድ ይችላል። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚጫወትበት አማራጭ ከሌለው፣ እኔ ገንዘቤን ለማውጣት ሁለቴ አስባለሁ።

እጅን ሳያዘጋጁ መጠበቅ

አንድ ዓመት ጠብቆ፣ በመጀመሪያው ቀን አስር ጊዜ ተሸንፎ፣ በሳምንቱ ጌሙን የሚተው ሰው አውቃለሁ። በጣም ያሳዝናል። ዓመቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ነበር፣ ጆይስቲክ ግን አልነካም።

በቴከን ያደገ እጅ ወደዚህ ዓይነት ጌም ሲመጣ ይደነግጣል። ቴከን ላይ አንድ ለአንድ ነው፣ መሬት ላይ ነው፣ ወደ ጎን ማምለጥ ይቻላል። በማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም ዓይነት ጌም ውጊያው ግማሹ አየር ላይ ነው። ከፊት አንዱ ይመታል፣ ከላይ ረዳቱ ይወርዳል፣ ብሎክ እያደረጉ (ምቱን እየመከቱ) ሦስተኛው ይቀየራል። ይሄን ዓይን መልመድ አለበት።

መልመጃው ደግሞ አለ። በሴፕቴምበር 2024 ካፕኮም የቆዩትን የማርቭል ፍልሚያ ጌሞች በአንድ ጥቅል አውጥቷል። ኤክስ-ሜን ቨርሰስ ስትሪት ፋይተርም ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2ም ውስጡ አሉ። ከኮምቦ፣ ከተያያዙ ተከታታይ ምቶች፣ አትጀምሩ። መጀመሪያ ብሎክ ማድረግ። ቀጥሎ ረዳት ጠርቶ በዚያች ቅጽበት ወደፊት መጠጋት። ሦስተኛ፣ ጉልበቱ ሊያልቅ የደረሰ ተዋጊን ሳይሞት ማስወጣት። እነዚህ ሦስቱ በዚህ ዓይነት ጌሞች ሁሉ ያገለግላሉ፤ የቁልፉ ስም ቢቀየር እጅ አይረሳም።

ኦንላይን ለምትጫወቱ፣ በዋይፋይ ፈንታ ገመድ ተጠቀሙ። መስመሩ ቢርቅም ቢያንስ አይቆራረጥም። ጌሙ ሮልባክ የሚባለው የኦንላይን አሠራር እንዳለውም ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። የተጋጣሚያችሁን ቀጣይ ቁልፍ ቀድሞ እየገመተ፣ ሲሳሳት ወዲያው የሚያርም ዘዴ ነው። ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋር ለመጫወት ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ብቻን መጠበቅ

ስለዚህኛው ብዙ አልልም። የፍልሚያ ጌም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ትሬይለሩን አብራችሁ የምታዩት፣ የቆየውን ጌም አብራችሁ የምትለማመዱት ሰው ከአሁኑ ፈልጉ። ታናሽ ወንድም ይሁን፣ የሥራ ባልደረባ፣ ወይም ድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ተረኛ የነበረ ልጅ። እኔ የራሴን ሰው አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ስቶርምን ይመርጣል፣ እስካሁንም ይበልጠኛል። ሁለተኛው ጆይስቲክ የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም።