በድሮ ፔጆ 404 ላይ ወለልና ወንበር ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐረር ላደገ ሰው ፔጆ 404 ከመኪና በላይ ናት። ፈረስ መጋላ ላይ ተሳፍሮባታል፣ ታሞም ሐኪም ቤት ሄዶባታል። ፈረንሳይ ውስጥ መሠራት የጀመረችው በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እድሜዋን ስናስብ ስታረጅ ልንከባከባት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስናድሳት እንጎዳታለን።

ከወንበሩ መጀመር

የአባቴን 404 ላድስ ስነሳ ልቤ ያለው ወንበሩ ላይ ነበር። ስፖንጁ አልቆ ሞላው ጎን ይወጋል። አዲስ ሌዘር አለበስኩት። በክረምቱ ከኋላ የተቀመጡት አክስቴ «ልጄ፣ እግሬ ራሰ» አሉኝ። ምንጣፉን ስገልጥ ላሜራው በጣት ይበሳል። ያ ሁሉ ወንበር እንደገና ተፈታ።

404 እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻንሲ፣ ማለትም ከሥር የሚሸከም የብረት አጥንት፣ የላትም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተያይዘው ነው የሚሸከሟት። ወለሉ በዝገት ከተበላ የተነካው አጥንቷ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምንጣፉን በሙሉ ያውጡ። ወለሉን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ደህናው ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዝም ብሎ ያስገባል። ከፔዳሎቹ ሥር፣ ከበሮቹ ሥርና ወንበሩ በብሎን የሚታሰርበትን ቦታ በደንብ ይዩ።

ውሃው የገባበትን ሳያገኙ መበየድ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። አዲስ ላሜራም ውሃ ከተኛበት ይዝጋል። አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ እያፈሰሰ እርስዎ ውስጥ ሆነው በባትሪ ይፈልጉ። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይውጣ፤ ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ ቦታው አይለይም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፊት መስታወት ጎማ ነው፤ አርጅቶ ይደርቃል። ከበሮቹ ግርጌ ያሉት ቀዳዳዎችም በአቧራ ይደፈናሉ። እነሱን በሽቦ ይጥረጉ። ወለሉ ላይ በጎማ ክዳን የተዘጉ ቀዳዳዎች ካሉ በብየዳ አይድፈኗቸው።

በዝገት ላይ መደረብ

«አቦ፣ አትልፋ፣ ከላይ ጣል እናድርግበት» ያለኝ በያጅ ነበር። እሺ አላልኩም። በሁለት ላሜራ መካከል የገባ ውሃ መውጫ የለውም። ቀዳዳ የሚሞላበት ስቱኮም ቢሆን ክብደት አይሸከምም። ዝገቱ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ይቆረጥ፣ አዲሱ ከዚያ ጋር ይበየድ። ከበር ሥር ያለው ሲቆረጥ መኪናዋ ከታች በደንብ ትደገፍ። ያለ ድጋፍ ከተቆረጠች ትጎብጣለች፤ በኋላ በሩ አልገጥም ይላል። ከብየዳው በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ። የነዳጅና የፍሬን ቱቦ የሚያልፍበትንም አስቀድመው ይወቁ። ስፖንጅና ምንጣፍ ውስጥ አይቅር፤ በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። ሲያልቅ ከላይም ከታችም ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ።

ለስላሳ ስፖንጅ መግዛት

ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደስ የሚለው ስፖንጅ ቶሎ ይተኛል። ጠንከር ያለውን ይምረጡ። ግን ውፍረቱን አያብዙ። ሾፌሩ ከፍ ካለ ራሱ ጣሪያ ይነካል፣ የመስታወቱም እይታ ይቀየራል። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ወፍራም ሸራ ይግባ፤ አለበለዚያ ሽቦው ስፖንጁን ይበላዋል።

አሮጌውን ልብስ መጣል

አሮጌው ልብስ ልኬትዎ ነው። ፎቶ ያንሱት፣ ከዚያ በስፌቱ ይፍቱት። በየቁራጩ ላይ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ፊት» ብለው ይጻፉ። የሐረሩ ልብስ ሰፊዎች መንገድ መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹም እጃቸው ወርቅ ነው። ግን የቀሚስ መኪና ድርብርብ ሌዘር አይበሳም። ወፍራም የሚሰፋ መኪና ያለውን ይፈልጉ። ክሩ ናይሎን ይሁን፤ የጥጥ ክር ይበሰብሳል።

የድሬን ፀሐይ መርሳት

ሐረር ደጋማ ናት። ድሬዳዋ ግን ቆላ ናት፤ መስኮቷ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በዋለች መኪና ውስጥ ጥቁር ሌዘር ጭን ያቃጥላል። እኔ መቀመጫውን ጨርቅ፣ ጠርዙን ነጣ ያለ ሌዘር አድርጌ ተስማምቶኛል። ሌዘሩን ከመወጠርዎ በፊት ፀሐይ ላይ ያስጡት። ሲሞቅ ይለጠጣል። በሐረር ጠዋት ብርድ ከተወጠረ ግን ቆይቶ ይሸበሸባል።

ምንጣፉን በማስቲሽ ሙሉ ለሙሉ አይለጥፉት። አውጥተው ሊያደርቁት ይገባል።

አሮጌ ብሎን መመለስ

የወንበሩ ብሎን የዛገ ከሆነ በአዲስ ይተካ። ወንበሩ ፍሬን ሲያዝ ከተንሸራተተ እግርዎ ፔዳሉን ሊስት ይችላል። ከሳምንት ጉዞ በኋላም እንደገና ያጥብቁ። እኔ ከድሬ ስመለስ የደንገጎን ዳገት እንደወጣሁ ዳር ይዤ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሁለቱ ላልተው ነበር።