የሚተኩሰው ማርሚታ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስወርድ፣ ጋዝ በለቀቅኩ ቁጥር የስፖርት ሞተር ሳይክሌ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጧ ጧ ይል ነበር። አንድ ጋራዥ "ካርቦሬተሩ ነው" አሉኝ። ሞተሬ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጭ) ነው፤ ካርቦሬተር የሚባል ነገር የለውም!

ጠዋት ሳይሞቅ አስነሳሁት። የጭስ መውጫውን ለአፍታ በጨርቅ ያዝ አድርጌ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀባኋቸው። የጭስ ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አረፋ ደፈቀ። በዚያ አየር ሲገባ ያልተቃጠለው ነዳጅ ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠላል። ተኩሱ እሱ ነው።

ማርሚታው ኦሪጅናል የፋብሪካ ነው። ግን ከኋላ በኩል ቀድሞ ስለታሰረ የፊቱ ቱቦ ተወጥሮ በደንብ አልተቀመጠም።

ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው። የዛጉትን ማሰሪያዎች ዘይት አጠጥቼ አሳደርኳቸው፤ እዚህ ላይ መቸኮል ቡሎን ያስበጥሳል። ከዚያ ሁሉንም አላላሁ። አንዴ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) መልሶ ስለማያሽግ በአዲስ ቀየርኩ። የፊቶቹን ዳዶዎች በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኩ። ቀጥሎ የመሃሉን ማሰሪያ፣ መጨረሻ ላይ የኋላውን ማንጠልጠያ። በፊት አልገጥም ይል የነበረው የማሰሪያ ቀዳዳ ራሱ መጥቶ ገጠመ። ተኩሱም ጠፋ።

ማንጠልጠያው ላይ ያለችውን ጎማ "ምን ትሠራለች" ብላችሁ እንዳትጥሏት። ቱቦው ሲግል ይረዝማል፤ መፈናፈኛ የምትሰጠው እሷ ናት።

ትንሽ ነድቼው ሲቀዘቅዝ የፊቶቹን ዳዶዎች ደግሜ ፈተሽኩ። ላላ ብለው ስለነበር በድጋሚ አጠበቅኳቸው።