አንባቢው የሚገባበት አጭር ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

ልጆች ሳለን «ተረት ተረት» ሲባል ዝም አንልም ነበር። «የላም በረት!» ካላልን ተረቱ አይጀመርም። ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። ተረቱ ተረት መሆኑን አይደብቅም፤ ሰሚውም ሥራ አለው። ልቦለድነቱን የማይደብቅ ልቦለድ መጻፍ ከፈለጋችሁ ከዚህ ተነሱ።

መጀመሪያ ለአንባቢው የምትሰጡትን ሥራ ወስኑ። አንድ ይበቃል። ሎረንስ ስተርን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ትሪስትራም ሻንዲ» ውስጥ የአንዲትን ሴት መልክ አልገለጸም። ባዶ ገጽ ትቶ አንባቢው ራሱ እንዲስላት ጋበዘው። የእኛ አንባቢ ሥራ ደግሞ መወሰን ይሁን።

ቀጥሎ ታሪኩን ያለ ምንም ብልሃት ጻፉት። ለምሳሌ አንዲት እናት ከግንባር ደብዳቤ መጣላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ የጎረቤት ልጅ ጠሩ። ደብዳቤው መሐል ላይ መጥፎ ዜና አለ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ሲቀመጡ ካልታዩን፣ በኋላ የሚመጣው ብልሃት ሁሉ ባዶ ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

አሁን የመግቢያውን በር ፈልጉ። በእኛ ታሪክ በሩ መጥፎው መስመር ጋ ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ተራኪው «ከዚህ በኋላ እኔም አልጽፍም፤ ደብዳቤው ያለው እዚህ ገጽ ላይ ነው፣ እማማ እየጠበቁ ነው» ይላል። ከዚያ ደብዳቤውን እንዳለ አስፍሩት። አሁን በልጁ ቦታ ያለው አንባቢው ነው፤ መጥፎውን ዜና ለእማማ መንገር አለመንገሩን የሚወስነውም እሱ ነው።

አንባቢውን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? በአማርኛ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። «አንተ» ስትሉ ሴቷ ትወጣለች፣ «አንቺ» ስትሉ ወንዱ። «እናንተ» ሕዝብ ይሰበስባል፤ «እርስዎ» ያርቃል፣ እማማ ደግሞ ልጅን አንቱ አይሉም። «አንብብልኝ» ከማለት ይልቅ «ልጄ፣ እስኪ ምን ይላል?» ይበሉ። ሁለቱም ይገባሉ። እኔ ይህችን አንዲት መስመር ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ብፈጅ አይቆጨኝም።

አንባቢው ከገባ ደግሞ መግባቱ አንድ ነገር ይቀይር። የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» የተባለውን ልቦለዱን የመጀመሪያ ክፍል በ1605፣ ሁለተኛውን በ1615 አሳተመ። በሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ያነበቡ ገጸ ባሕርያት አሉ። ከእነሱ መካከል አንድ መስፍንና ባለቤቱ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዶን ኪሆቴን የሚያታልሉት መጽሐፉን አንብበው ጠባዩን ስለሚያውቁ ነው። ማንበባቸው ታሪኩን ይገፋዋል። የእናንተም አንባቢ መስመሩን ካነበበ በኋላ እማማ ዓይኑን እያዩ ይጠይቁት።

በመጨረሻ ለሁለት ሰው አስነብቡ። ስለ አጻጻፉ አትጠይቁ። «ነገርካቸው? ነገርሻቸው?» ብቻ በሉ። «ማንን?» የሚል ካለ እናትየው ገና አልታዩም፤ ወደ ነጠላው ተመለሱ። ቶሎ ሳይመልሱ ዝም ካሉ ጥሩ ነው። የሚሰጧችሁን መልስ ግን ታሪኩ ውስጥ አትጻፉት።