ትልቅ የኤልኢዲ ስክሪን ኮንትሮለርን እንዴት አዋቅረን እናሠራለን?

ሠርግ፣ ኮንፈረንስ፣ ኮንሰርት፣ መንፈሳዊ ጉባኤ፤ ዛሬ ትልቅ ስክሪን የሌለበት መድረክ ማግኘት ይከብዳል። ስክሪኑን የሚገጥሙት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ጎበዞች ናቸው። ካቢኔቱን (ስክሪኑ የሚገጣጠምበትን ሳጥን) ቶሎ ይደረድራሉ፣ ብሎኑን ያጠብቃሉ፣ ኬብሉን ይሰካሉ። ጭንቁ የሚጀምረው ስክሪኑ ሲበራ ነው። የተናጋሪው ፊት ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ ግራ፣ ሌላው ቀኝ ይታያል። ወይም የስክሪኑ ግማሽ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። እንግዳው ደግሞ መግባት ጀምሯል።

ይህን ጭንቀት ማስቀረት ይቻላል። የኮንትሮለር ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው ወረቀት ላይ ነው። ፒክሰሉ (ምስሉን የሚሠራው አንድ የብርሃን ነጥብ) አስቀድሞ ከተቆጠረና የኬብሉ መንገድ ከተሳለ፣ የቀረው ቁልፍ መጫን ነው። በምሳሌነት የምጠቀመው የቻይናውን ኖቫስታር ኮንትሮለር ነው። የሌሎች አምራቾችን፣ ካለርላይት ወይም ሊንስን ኮንትሮለር ያላችሁም ተከተሉኝ፤ ፕሮግራሙ ቢለይም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ግንኙነቱን እንወቅ

ምስሉ ከላፕቶፕ ወይም ከካሜራ ስዊቸር በኤችዲኤምአይ ወደ ኮንትሮለሩ ይገባል። ኮንትሮለሩ ምስሉን ለስክሪኑ በሚስማማ መጠን አስተካክሎ በኔትወርክ ኬብል ይልከዋል። እያንዳንዱ ካቢኔት ውስጥ ሪሲቪንግ ካርድ የሚባል ትንሽ ቦርድ አለ። ካርዱ የራሱን ድርሻ ወስዶ ቀሪውን ለቀጣዩ ካቢኔት ያሳልፋል። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ኬብል ቢነቀል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ምስል ያጣሉ።

ኬብሉ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን። እስከ 100 ሜትር ያስኬዳል፤ ከዚያ ለራቀ ቦታ ፋይበር ያስፈልጋል። የቢሮ ኔትወርክ ስዊች ወይም ራውተር መሃል ላይ አታስገቡ። የሶኬቱ ቅርጽ ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

1. ፒክሰሉን ቁጠሩ

ደንበኛ «6 በ3 ሜትር ስክሪን» ይላል። ኮንትሮለሩ ግን ሜትር አያውቅም፤ የሚያውቀው ፒክሰል ነው።

50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፒ 3.91 ካቢኔት እንውሰድ። ከፒ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በሁለት ፒክሰሎች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ይህ ካቢኔት 128 በ128 ፒክሰል አለው። 6 በ3 ሜትር ለመሙላት በወርድ 12፣ በከፍታ 6 ካቢኔት ያስፈልጋል፤ በድምሩ 72። የስክሪኑ ስፋት 1536 በ768 ፒክሰል ሆነ ማለት ነው። ሲባዛ 1,179,648 ይመጣል።

አንድ የኮንትሮለር ኔትወርክ ፖርት በ60 ኸርዝና በ8 ቢት እስከ 650,000 ፒክሰል ይሸከማል። ከእነዚህ ካቢኔቶች 39 ይችላል፤ አርባኛው ሲጨመር ያልፋል። ለ72 ካቢኔት ሁለት ፖርት ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ 36። ቪኤክስ 400 የሚባለው የኖቫስታር ሞዴል አራት ፖርት ስላለው ሁለቱ ለመጠባበቂያ ይተርፋሉ።

አሁን ያንኑ 6 በ3 ሜትር በፒ 2.6 እናስበው። ካቢኔቱ 192 በ192 ፒክሰል ነው። ጠቅላላው 2,654,208 ይሆናል። የቪኤክስ 400 ጣሪያ ደግሞ 2.6 ሚሊዮን ነው። በትንሽ ልዩነት አልፏል፤ አይሆንም። በአንድ ፖርት የሚገቡት 17 ካቢኔቶች ብቻ ስለሆኑ ቢያንስ አምስት ፖርት ያስፈልጋል፤ ባለ ስድስት ፖርቱ ቪኤክስ 600 ይመረጣል። ስክሪን ስትከራዩ «ስንት ሜትር ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ፒው ስንት ነው? ካቢኔቱ ስንት በስንት ፒክሰል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. የኬብሉን መንገድ ከተመልካቹ ፊት ሆናችሁ ሳሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኬብል የምንሰካው ከስክሪኑ ጀርባ ቆመን ነው። ፕሮግራሙ የሚያሳየው ካርታ ግን ከፊት ለፊት፣ ከተመልካቹ በኩል የታየ ነው። ከኋላ ስንቆም ቀኛችን የተመልካቹ ግራ ነው። ይህን ያልተማከሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ እየሰካ ሌላው ላፕቶፕ ላይ እየሳለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊከራከሩ ይችላሉ።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ 12 በ6 ሰንጠረዥ ሥሩ። ከላዩ «ከፊት የታየ» ብላችሁ ጻፉ። ለእኛ ስክሪን የምመክረው መንገድ ይህ ነው። ፖርት 1 ከተመልካቹ ግራ፣ ከታችኛው ጥግ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ዓምድ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሁለተኛውን ይወርዳል፣ ሦስተኛውን ይወጣል። እንዲህ እያለ ስድስት ዓምድ ይጨርሳል። ፖርት 2 ሰባተኛው ዓምድ ላይ ከታች ጀምሮ ቀሪዎቹን ስድስት በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ዓምዶቹ ጥንድ ሲሆኑ መንገዱ የሚያልቀው ታች ነው። ጥቅሙ ኋላ ይታያል። ከመጨረሻው ካቢኔት የመጠባበቂያ ኬብል ወደ ኮንትሮለሩ ለመመለስ መሰላል አያስፈልግም። ይህ ኬብል ወደ ፖርት 3 ይገባል፤ የፖርት 2 መስመር ደግሞ ወደ ፖርት 4። ፕሮግራሙ ላይ 3 የ1፣ 4 የ2 መጠባበቂያ ናቸው ብላችሁ ስታስመዘግቡ፣ አንድ ኬብል ቢነቀል ምስሉ በሌላው ጫፍ በኩል ይገባል። ተመልካቹ ነገሩን ላያውቀው ይችላል። የሁለት ኬብል ዋጋ ነው፤ እባካችሁ አትለፉት።

ስዕሉ ሲያልቅ ከኋላ በየካቢኔቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፉ።

3. ኤሌክትሪኩ

ካቢኔቱ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት አንብቡ። 150 ዋት ቢል፣ ለ72 ካቢኔት 10,800 ዋት ይሆናል። በ220 ቮልት ወደ 49 አምፒር ነው። ይህ ከግድግዳ ሶኬት የሚወጣ ጭነት አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ካለ 24፣ 24 ካቢኔት አድርጋችሁ አካፍሉት፤ በአንድ ፌዝ ወደ 16 አምፒር ተኩል ይመጣል። ስክሪኑ ከፍተኛውን የሚበላው ሙሉ ነጭ ምስል ሲያሳይ ስለሆነ በአማካዩ አትተማመኑ።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ የላላ ኒውትራል ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ከተላቀቀ፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የካቢኔቶቹ ፓወር ሰፕላይ በአንዴ ይቃጠላል። ሥራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ካቢኔት ከመሰካቱ በፊት እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር በሜትር ይለካ። የግራውንድ መስመሩም ይፈተሽ።

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የስክሪኑን ብሬከሮች አውርዱ። ጄኔሬተሩ ሲረጋጋ አንድ በአንድ መልሱ። ኮንትሮለሩና ላፕቶፑ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ።

4. አሁን ኮንትሮለሩን እናዋቅር

ኮንትሮለሩን መጀመሪያ አብሩ፣ ስክሪኑን ቀጥላችሁ። ላፕቶፑን በዩኤስቢ ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኙና ኖቫ ኤልሲቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። በ«ዩዘር» ሜኑ በኩል ግቡ፤ ካልተቀየረ የይለፍ ቃሉ «አድሚን» ነው። ከዚያ «ስክሪን ኮንፊገሬሽን» ውስጥ ሦስት ገጾች ታገኛላችሁ፦ የሴንዲንግ ካርድ፣ የሪሲቪንግ ካርድ እና የስክሪን ኮኔክሽን።

የሪሲቪንግ ካርዱ ገጽ ካቢኔቱ ውስጥ ያሉት ሞጁሎች (ኤልኢዲዎቹ የተተከሉባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች) እንዴት እንደሚሠሩ የሚነገርበት ነው። መረጃው ከስክሪኑ አምራች በፋይል ይመጣል። ካቢኔቶቹ ከዚህ በፊት በትክክል ሲሠሩ ከነበረ ይህን ገጽ አትንኩት። የሚነካው አዲስ ካርድ ስትቀይሩ ወይም አንድ ካቢኔት ከሌሎቹ ተለይቶ የተዘበራረቀ ምስል ሲያወጣ ነው። የማይገጥም ፋይል ከላካችሁ ጤነኛውም ስክሪን ይበላሻል። አምራቹ የሰጣችሁን ፋይል ፍላሽ ላይም ኢሜይል ላይም አስቀምጡት።

ዋናው ሥራ «ስክሪን ኮኔክሽን» ላይ ነው። ዓምድ 12፣ ረድፍ 6 ብላችሁ ሙሉ። የካርዱን መጠን 128 በ128 አድርጉ። ፖርት 1ን መርጣችሁ ወረቀቱ ላይ በሳላችሁት ቅደም ተከተል ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ጠቅ አድርጉ። 36ኛው ላይ ስትደርሱ ወደ ፖርት 2 እለፉ። ስትጨርሱ «ሴንድ» የሚለውን ተጫኑ። ምስሉ ወዲያው መስመር ይይዛል።

እዚህ ጋ ደስ ብሏችሁ ላፕቶፑን እንዳትዘጉ። «ሴንድ» ለጊዜው ብቻ ነው። «ሴቭ» ካልተጫነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያዋቀራችሁት ሁሉ የለም። ምሽት ላይ ተሠርቶ ጠዋት «ማን ነካው?» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሴቭ አድርጉና ኮንትሮለሩንም ስክሪኑንም አጥፍታችሁ አብሩ። ተመልሶ በትክክል ከመጣ ሥራው ተቀምጧል።

ላፕቶፕ ከሌለና ስክሪኑ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ከኮንትሮለሩ ፊት ባለው መዞሪያ ቁልፍም ይቻላል። የካቢኔት ረድፍና ዓምድ ብዛት፣ በየፖርቱ ስንት እንዳለ፣ የኬብሉ አቅጣጫ ይጠየቃል። አቅጣጫው እዚህም ከፊት የታየ ነው።

ከዚያ ፈትሹ። «ቴስት» የሚለውን ተጭናችሁ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ አሳዩ። የሞተ ሞጁል ወዲያው ይጋለጣል። ቀጥሎ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰመረ ሰያፍ መስመር ያለው ምስል አውጡ። ሁለት ካቢኔቶች ቦታ ከተቀያየሩ መስመሩ እዚያ ላይ ይሰበራል።

5. ምስሉን ከስክሪኑ ጋር ማስማማት

የእኛ ስክሪን ወርዱ የከፍታው እጥፍ ነው። የላፕቶፑ 1920 በ1080 ግን እንዲያ አይደለም። ምስሉ ሳይጨመቅ ወርዱን ይሙላ ካላችሁ፣ ከላይ 60፣ ከታች 60 መስመር ይቆረጣል። መዝሙር ወይም ትርጉም ከግርጌ የምታሳዩ ከሆነ ጽሑፉ የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ሰው ፊቱ ተለጥጦ እንዲታይ ከማድረግ ግን መቁረጡ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው የኮንትሮለሩን የመግቢያ መጠን 1536 በ768 ማድረግ ነው። ላፕቶፑም ያንኑ መጠን ያወጣል፤ ጽሑፉ ጥርት ይላል። ስላይድ ለሚያዘጋጀው ሰውም መጠኑን ከቀናት በፊት ንገሩት።

በዝግጅቱ መሃል ላፕቶፕ መቀየር ካስፈለገ «ፍሪዝ» የሚለውን ተጫኑ። ያለው ምስል ባለበት ይቆማል። አዲሱ ላፕቶፕ ሲዘጋጅ ልቀቁት። የዴስክቶፕ ፎቶና የግል ፋይል ሕዝብ ፊት አይታይም።

6. ብርሃንና ካሜራ

አዳራሽ ውስጥ ስክሪንን መቶ በመቶ ማብራት የተመልካችን ዓይን ማድከም ነው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከ30 በመቶ አካባቢ ጀምሩ፣ ራሳችሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እዩና አስተካክሉ። ከቤት ውጭ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን ሙሉውን ልትፈልጉት ትችላላችሁ።

በካሜራ ላይ አግድም የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ከታዩ የስክሪኑን ሪፍሬሽ ሬት፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ ተመልከቱ። ካርዱና ሞጁሉ ከቻሉ ከ1920 ወደ 3840 ኸርዝ ከፍ ይደረግ። ካሜራው በ50 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ ወደ ኮንትሮለሩ የሚገባው ምስልም 50 ኸርዝ ይሁን፣ ሹተሩም 1/50። እንደ ሞገድ የሚወዛወዝ የቀለም ጥልፍልፍ ግን ከኮንትሮለሩ አይደለም። የካሜራውን ቦታ ወይም ፎከስ ቀይሩ።

ችግር ሲመጣ የት እንይ?

አንድ ካቢኔትና ከእሱ በኋላ ያሉት በሙሉ ከጠፉ፣ ወደ እሱ የሚገባውን ኔትወርክ ኬብል ቀይሩ። አንድ ካቢኔት ብቻውን ከጠፋና ቀጣዮቹ ከሠሩ፣ ካርዱ ምስል እያሳለፈ ነው ማለት ነው፤ ውስጡን ፈትሹ። አንድ ሞጁል ቀለም ካጎደለ ጠፍጣፋውን ሪባን ኬብል አውጥታችሁ መልሱ።

ነጩ ወደ ቀይ ካደላ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱን ጠርጥሩ። ሰማያዊና አረንጓዴ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ቀዩ በ2 ይሠራል። ቮልቴጅ ሲወርድ ቀድመው የሚደክሙት ሁለቱ ናቸው።

የሪሲቪንግ ካርዱ አረንጓዴ መብራትም ይናገራል። በየ1 ሰከንዱ ብልጭ ካለ ደህና ነው። በየ3 ሰከንዱ ከሆነ የኔትወርክ ኬብሉ ችግር አለበት። ፈጠን ብሎ ሦስት ሦስቴ ብልጭ ካለ ኬብሉ ደህና ነው፤ የጎደለው ከላፕቶፕ የሚመጣው ምስል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰባ ሁለቱን ካቢኔት አይፈታም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ ኮንትሮለሩን አጥፉ። ከመንቀላችሁ በፊት ግን የስክሪኑን ካርታ ከፕሮግራሙ ወደ ፋይል አስቀምጡ። በፋይሉ ስም ላይ የካቢኔቱን ዓይነትና ብዛት ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ስክሪን በዚያው አሰካክ ሲቆም ፋይሉን ከፍታችሁ መላክ ብቻ ይበቃል።