ከጳጉሜን 1 እስከ ዕለተ ዮሐንስ፦ ዓመትን በንስሐ ለመዝጋት

ይህ 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ስለሆነ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ናት፤ እሑድ ገብታ ሐሙስ ታበቃለች፣ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ዐርብ ይውላል። በባሕረ ሐሳቡ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመተ ፍዳ ከ2019 ጋር ሲደመር 7519 ይሆናል፤ ዓመታቱ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ተራ ስለሚጠሩ፣ ይህ ለ4 ሲካፈል 3 መትረፉ መጪው ዘመን የሦስተኛው የሉቃስ መሆኑን ያሳያል፣ ስድስተኛዋንም የጳጉሜን ቀን የምናገኘው በእርሱ መጨረሻ ነው። እነዚህን ጥቂት ቀናት አብዛኞቻችን የምናሳልፋቸው ገበያ ለገበያ ስንዞር፣ የበግ ዋጋ ስንጠይቅ፣ ሽንኩርትና ቅቤ ስናሰናዳ ነው። ራስን መመርመር ለዋዜማው ሌሊት ይቀርና ሰውነት ከዛለ በኋላ በአንድ የቁጭት ትንፋሽ ያልቃል። እኔ የምመክረው ሥራውን በጳጉሜን መጀመሪያ ጀምሮ በየዕለቱ አንድ ሰዓት ያህል መስጠትን ነው፤ ጎህ ሲቀድ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልተቻለም ቤተሰብ ከተኛ በኋላ።

አስቀድመው አንድ ደብተር፣ እስክርቢቶና በዓላት የተጻፉበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያዘጋጁ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ውስጥ ይተዉት፤ ማስታወሻ ልጻፍበት ብሎ የከፈተው ሰው መልእክት ሲመልስ ያመሻል። ለንስሐ አባትዎም ገና በነሐሴ መጨረሻ ደውለው ቀን ይያዙ፣ በበዓሉ ዋዜማ ካህናቱ ፋታ አይኖራቸውምና። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባል ከሆኑ፣ በምሥጢር ጠባቂነቱ የሚያምኑትን አንድ ሽማግሌ ወይም የጸሎት ወዳጅ ይምረጡ። ሰዓቱን በአባታችን ሆይ ጀምረው መዝሙር 64ን ያንብቡ፣ በሌሎች ዕትሞች 65 ተብሎ የሚቆጠረውን፤ እግዚአብሔር ዓመትን በቸርነቱ እንደሚያቀዳጅ የሚናገረው መዝሙር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማስታወስ ነው፣ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። «ባለፈው ዓመት ምን በደልሁ?» ብለው ባዶ ወረቀት ላይ ቢጠይቁ የሚመጣልዎ ያለፈው ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመቱን በበዓላቱና በአጽዋማቱ ይከፋፍሉት፦ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካ፣ ፍልሰታ። በእያንዳንዱ ላይ ጣትዎን አስቀምጠው የት ነበርሁ፣ ከማን ጋር በላሁ፣ ማን ቀረ፣ ከማንስ ጋር ሳልነጋገር ዋልሁ ብለው ይጠይቁ። አእምሮ ኃጢአትን በቁጥር አይዝም፤ ቦታንና ማዕድን ግን አይረሳም። አንድ ዓመት እንዲህ ሳደርግ ጥምቀት ላይ ስደርስ ታቦት ልንሸኝ አብረን ከወጣን አንድ የሥራ ባልደረባዬ 800 ብር መበደሬ ትዝ አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሁለታችንም አንድም ቀን አላነሣነውም። ብሩን ይዤ ስሄድ «እኔማ ረስቼው ነበር» አለኝ፣ ሳይቆጥርም ወደ ኪሱ ከተተው፤ አለመርሳቱን ግን ፊቱ ሲፈታ አየሁት፣ ከጥምቀት ወዲህ ቡና ጠጡ ስንለው ለምን እንደሚያመካኝም ያን ጊዜ ገባኝ።

ያስታወሱትን የሚመዝኑበት ሚዛን ደግሞ የዕለቱ ባለቤት የሰጠው ነው። መስከረም 1 ቀን በመጥምቁ ስም ቅዱስ ዮሐንስ ተብሎ የሚጠራው፣ እርሱ ብሉይን ከሐዲስ ያገናኘ፣ ለጌታ መንገድ የጠረገ ስለሆነ ነው፤ በማግሥቱም አንገቱ የተቆረጠበት መታሰቢያ ይውላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ሕዝቡ «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ወደ በረሃ ግቡ አላላቸውም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ፤ ቀራጮቹን ከታዘዘው አብልጠው እንዳይወስዱ፣ ወታደሮቹንም ግፍ እንዳይሠሩ፣ በሐሰት እንዳይከስሱና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ለእያንዳንዱ የመለሰለት በገዛ እንጀራው ላይ ነው። እርስዎም ጥያቄውን በሥራዎ ልክ ይጻፉት፦ ነጋዴ ከሆኑ በሚዛንዎ፣ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ከሆነ «ነገ ይምጡ» ባሏቸው ባለጉዳዮች፣ ሹፌር ከሆኑ በዝናብ ጊዜ በጨመሩት ታሪፍ። «ትዕግሥት አጣሁ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ምንም አያስወጣምና። «ባለጉዳዩን ሦስት ጊዜ መለስሁት፣ ፋይሉ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር» ብሎ መጻፍ ግን የሚደረግ ነገር ይወልዳል።

ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል ቀን ነው፣ ዘንድሮ ማክሰኞ ይውላል። በዚያ ቀን የሚጥለው ዝናብ ጠበል ነው ብለን ልጆች ሆነን ልብሳችንን አውልቀን «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን የሮጥንበት፣ እናቶቻችንም ውኃውን ተቀብለው ሊጥ ውስጥ የሚጨምሩበት ቀን ነው። ልማዱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቀኑን ለዝናቡ ብቻ መተው የሚያስቆጭ ነው እላለሁ። የመልአኩ ታሪክ የተጻፈበትን መጽሐፈ ጦቢት ቢያነቡ፣ ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ የወጣው አባቱ በሜዶን አገር ገባኤል ዘንድ በአደራ ያስቀመጠውን 10 መክሊት ብር ለማምጣት እንደሆነ ያያሉ። ገንዘቡን ከገባኤል ቤት ሄዶ ያመጣው ደግሞ ሩፋኤል ራሱ ነው፤ ከረጢቶቹም ማኅተማቸው እንዳለ ተሰጡት። ጦቢት ልጁን ሲመክር፣ የሠራልህን ሰው ደመወዝ አታሳድርበት ይለዋል። ስለዚህ ማክሰኞን የአደራና የዕዳ ቀን ያድርጉት። የተበደሩትን ገንዘብ፣ የተዋሱትን መጽሐፍ፣ የጎረቤትን ሰፌድ፣ የእቁብ ውዝፍ ይዘርዝሩ። በተለይም በቤትዎ የምትሠራዋን እኅት ደመወዝ ይመልከቱ፤ በጉና ቅቤው ወጪውን አንሮት «ከበዓሉ በኋላ እሰጥሻለሁ» የሚባለው በዚህ ሳምንት ነው፣ እርሷም ለእናቷ የምትልከው በዚሁ ሳምንት ነው። ለመክፈል አቅም ካነሰ፣ ቀን ቆርጦ ለባለገንዘቡ በግልጽ መንገር ከመሸሸግ ይሻላል።

ዕርቅ ከዕዳ የሚለየው ሌላ ሰው ስለሚያስፈልገው ነው፣ ስለዚህ ረቡዕን ሙሉ ይስጡት። በየዓመቱ በዋዜማው በቴሌግራም «አውቄም ሆነ ሳላውቅ ላስቀየምኋችሁ ሁሉ ይቅርታ» የሚል ጽሑፍ ከአበባ ሥዕል ጋር ይደርሰናል። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለው መልእክት የተቀየመውን ሰው ይበልጥ ያስቀይመዋል፤ ለ200 ሰው ከተላከ ይቅርታ የእርሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ያውቀዋልና። ይልቁንስ ከደብተሩ አንድ ወይም ሁለት ስም መርጠው በአካል ይሂዱ፣ ሩቅ ከሆነም ይደውሉ። ሲናገሩ ነገሩን በስሙ ይጥሩት፦ «በፋሲካ ማዕድ ላይ በሰው ፊት ያልሁህ ነገር ልክ አልነበረም።» «ካስቀየምሁህ» አይበሉ፤ «ካ» የምትለዋ ፊደል በደሉን ወደ ሰሚው ትመልሰዋለች። ጠቡ የርስት ወይም የትዳር ከሆነና የቆየ ከሆነ ብቻዎን አይግቡበት፣ ሽማግሌ ይላኩ። ድብደባና ማስፈራራት የነበረበት ከሆነ ደግሞ ይቅር ማለት ወደዚያ ቤት መመለስ ማለት አይደለም፤ ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩበት፣ ለበዓል ተብሎ ማንም ሊያጣድፍዎ አይገባም።

ሐሙስ ሲደርስ ደብተሩ በጥፋት የተሞላ ስለሚሆን ልብ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ በቅዳሴ የምንሰማውን ጸሎተ አኰቴት፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ ይውሰዱ። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን በግሥ ይደረድራል፦ ሠወረነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ፣ አቅረበነ፣ ተወክፈነ፣ እያለ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ላይ ይደርሳል። ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ተቀበለን፣ እስከዚህች ሰዓትም አደረሰን ማለት ነው። እያንዳንዱን ግሥ በአንድ መስመር ላይ ጽፈው ከሥሩ የዓመቱን አንድ ነገር ያስቀምጡ፦ «ሠወረነ» ከሚለው በታች ሳይጋለጥ ያለፈ ነውርዎን ወይም ለጥቂት የተረፉበትን የመኪና አደጋ፣ «ረድአነ» ከሚለው በታች የቤት ኪራይ በጨነቀዎ ጊዜ የደረሰልዎን ሰው። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ደብተር ዘርግታ የምትቀመጥበት ሰዓት ላታገኝ ትችላለች፤ ይህን ግን ዕቃ እያጠቡም በቃል መሄድ ይቻላል። በአሜሪካም ዐርብ የሥራ ቀን ስለሆነና ብዙዎቹ አጥቢያዎች በዓሉን ወደ ቅዳሜና እሑድ ስለሚያስጠጉት፣ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ቢደረግ ያው ነው።

ከዚያ ለመጪው ዓመት አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ዝርዝር አያብዙ፣ ዐሥር ዕቅድ ያወጣ ሰው መስቀል ሳይደርስ ዘጠኙን ይረሳል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ሦስት ዓመት ያላፈራችውን በለስ ጌታዋ ቁረጣት ሲል፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን እስክኰተኩትላትና ፋንድያ እስካፈስላት ድረስ በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት ይላል። የለመነው ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሥራውንም ጠርቷል። እርስዎም «ጸሎት አጠነክራለሁ» ከማለት ፋንታ ኩትኳቶውን ይጻፉ፦ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ምን እያነበቡ፣ ማንስ ይጠይቅዎታል።

ወደ ንስሐ አባትዎ ሲሄዱ ደብተሩን በሙሉ ይዘው አይሂዱ፤ ከብዶ የታየዎትን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይገልብጡ፣ ሰበብ ሳያበዙ ይናገሩ፣ የሚሰጥዎትንም የንስሐ ቀኖና ይቀበሉ፣ በራስዎ አይጨምሩበት። ወረቀቷን ከዚያ በኋላ ይቅደዷት። ዕለተ ዮሐንስ ዐርብ ስለሚውል ዶሮው ለቅዳሜ ይቆያል፤ የዐርቡ ማዕድ ሽሮና አትክልት ስለሚሆን ከበዓሉ ወጪ የሚተርፈውን በማለዳው ከቅዳሴ ስትወጡ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ይስጡ። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ያቺን አንድ ነገር ከነሰዓቷ ጽፈው፣ ደመራ በሚለኮስበት በመስከረም 16 ምሽት ገልጠው የሚያዩት ያድርጉት።