ኮርችን በግቢ ውስጥ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮርች፣ በጅማ አካባቢ በኦሮምኛ ዋለንሱ የሚባለው፣ ለአጥርም ለጌጥም የሚተከል የአገር ዛፍ ነው። በቁራጭ ስለሚበቅል ብዙዎች ምንም ጥንቃቄ የማይሻ ይመስላቸዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በየክረምቱ የሚደጋገመውና ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ስህተት፣ ዝናቡ ከጠና በኋላ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከጎረቤት አጥር ትኩስ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የተቆረጠበት ቦታ ሳይደርቅ፣ ወዲያውኑ ጭቃ ውስጥ መቸከል ነው። ኮርች እንጨቱ ለስላሳና ውኃ ያዘለ በመሆኑ፣ ጥሬ ቁስሉ ውኃ በተኛበት አፈር ሲገባ ሥር ከማውጣቱ በፊት ይበሰብሳል። ጉዳቱ በጅማ ከተማ በሚያልፈው በአዌቱ ወንዝ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ግቢዎች ይብሳል። የሚያታልለው ደግሞ ቁራጩ በውስጡ ባከማቸው ምግብ ለጥቂት ሳምንታት ቅጠል ማውጣቱ ነው፤ ባለቤቱ «ይዞልኛል» ብሎ ሲደሰት ከሥር ያለው ጫፍ በስብሷል። ስለዚህ ቁራጩ በበጋው መጨረሻ ቢቆረጥ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ጥላ ሥር ቢቀመጥና ዝናቡ ሲጀምር ቢተከል ይሻላል። በመዶሻ እየመቱ መቸከልም ቅርፊቱን ይልጠዋል፤ አስቀድሞ ጉድጓድ መቆፈር ያስፈልጋል። ላይና ታቹን አገላብጠው የሚተክሉም አሉ።

በዘር የሚያበቅሉ ሰዎች የዘሩን ጠንካራ ሽፋን ሳይሰነጥቁ ይዘሩና አልበቀለም ይላሉ። ሽፋኑን ከእንብርቱ (ዘሩ ከፍሬው ጋር ተያይዞበት ከነበረው ነጥብ) በተቃራኒ በኩል በጥቂቱ ሞርዶ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ በቂ ነው። በዘር የበቀለው ዛፍ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስለሚኖረው፣ ነፋስ በሚበዛበት ተዳፋት ላይ እኔ ከቁራጭ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ ሞቷል ብሎ መቁረጥ ሌላው ጥፋት ነው። አንድ ጎረቤት አበባ ሊያወጣ የተቃረበውን ዛፍ «ደርቋል» ብሎ ከግንዱ አስቆረጠው፤ ቅርፊቱ በጥፍር ቢፋቅ ኖሮ አረንጓዴው ይታይ ነበር። አበባው ከቅርንጫፍ ጫፍ ስለሚወጣ፣ ለመከርከምም አበባው እስኪረግፍ መታገሥ ያስፈልጋል።

ናይትሮጅንን ራሱ ከአየር በሥሩ ስለሚያገኝ ዩሪያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። እሾኻም በመሆኑ ከመተላለፊያ፣ ቅርንጫፉም በቀላሉ ስለሚሰበር ከጣሪያና ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅ አለበት።

ቀዩና የሚያብረቀርቀው ዘሩ መርዛማ ነው፤ ልጆች ለጨዋታ ስለሚለቅሙት፣ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ፍሬው ሳይፈነዳ ተለቅሞ መወገድ ይኖርበታል።