ክላሲካል ሆምስኩልን ስናላላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ ልጆቻችንን ቤት ማስተማር ስንጀምር የመረጥነው ክላሲካሉን መንገድ ነበር። በልጅነት መሸምደድ፣ ከፍ ሲሉ ማመዛዘንና መከራከር፣ በመጨረሻ አሳምሮ መናገርና መጻፍ። ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ ሬቶሪክ የሚሏቸው ሦስት ደረጃዎች ናቸው። ዳዊት የደገመ አባት ላሳደገኝ ለእኔ ነገሩ እንግዳ አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ልጄ የላቲን ደብተሩን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀር ጀመር። ያን ጊዜ ላላ ለማድረግ ወሰንን። ስናላላ ደግሞ ሌላ ስህተት ውስጥ ገባን።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጣል

አንድ ሰኞ ላቲኑን፣ ታሪኩን፣ ሰዋስውን፣ ሂሳቡን ሁሉ አቆምን። ልጆቹ የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ግራ ገባቸው። ሐሙስ ሲደርስ ቀኑ በሙሉ ታብሌት ላይ አለቀ። አሁን ብጀምር አንድ ትምህርት ብቻ አቁሜ አንድ ወር እጠብቃለሁ። ጠዋት አብሮ ማንበብንና ሂሳብን አልነካም።

ልጁ የወደደውን ወዲያው ትምህርት ማድረግ

እኔን በጣም ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ልጄ አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ ቀይ ወፍ አየች። ካርዲናል ይባላል፣ የቨርጂኒያ መለያ ወፍ ነው። ተንጫጫች፣ ጠራችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ከላይብረሪ አራት መጽሐፍ አመጣሁ። በማግስቱ የላቲን ስሙን አስጻፍኳት፣ የአካል ክፍሎቹን አስሳልኳት። በአራተኛው ቀን ወደ መስኮቱ መሄድ ተወች።

ወፉን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህን ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ። አሁን መስኮቱ አጠገብ ባይኖኩላርና ባዶ ደብተር አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ስትጠይቅ የጠየቀችውን ብቻ እመልሳለሁ። ቀዩ ወንዱ እንደሆነ፣ ቡናማዋ ሴቷ እንደሆነች በራሷ ደረሰችበት። ማታ እራት ላይ ያየችውን ታወራልናለች። ሻርሎት ሜሰን የተባለችው እንግሊዛዊት መምህርት ልጆችን የሰሙትን በራሳቸው ቃል እንዲተርኩ ታደርግ ነበር። እኔም ልጄ ምን እንደገባት የማውቀው ከወሬዋ ነው።

መሸምደድን እንደ ጠላት ማየት

ከደረቅ ሽምደዳ የሸሸ ወላጅ የማባዛት ሠንጠረዡንም ግጥሙንም አብሮ ይጥላል። አልስማማም። የቅኔ ቤት ተማሪን አስቡት። የግእዙን ግስ በቃሉ ይይዛል። ከዚያ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ያስባል፣ መጥቶም ለመምህሩ ይቆጥራል። በቃሉ የያዘው ነገር ለራሱ ፈጠራ ስንቅ ሆነለት። የእኛ ቤት ችግር ሽምደዳው አልነበረም። ልጁ የሸመደደውን አንድም ቀን ለራሱ ነገር አልተጠቀመበትም። አሁን ግጥሙን የሚመርጠው እሱ ነው። ረጅሙን ይመርጣል!

ወረቀቱን መርሳት

ቤት ውስጥ ማላላት ሕጉን አያላላም። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ኦገስት 15 ልጁን ቤት እንደምታስተምሩ የሚገልጽ ማስታወቂያ ከትምህርት ዝርዝር ጋር ይገባል። እስከ ቀጣዩ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠበቃል። ሜሪላንድ ያላችሁ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ጤናና ስፖርት ሳይቀር ማስተማራችሁን በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በልጁ ሥራዎች ስብስብ፣ ታሳያላችሁ። ስለዚህ በየማታው ቀኑንና የተሠራውን በሁለት መስመር ጻፉ። ወፍ ማየት ሳይንስ ነው፣ ጻፉት።

ልጁን በዘመድ ፊት መፈተን

እማማ ከደሴ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንተኛ ክፍል ደረሳችሁ?» ብለው ነው። እኔም ደንግጬ «እስቲ ለአያትሽ ቁጠሪላቸው፣ እስቲ አንብቢላቸው» እል ነበር። ልጅቷ ስልኩ ሲጠራ መደበቅ ጀመረች። ይህ በጣም አሳዘነኝ፤ አያቷን ትወዳቸዋለችና።

አሁን ስልኩን ሰጥቻት እወጣለሁ። ባለፈው እሑድ ስለ ካርዲናሉ ስታወራ ሰማኋት። እማማ «ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው ሴቷ?» ብለው ጠየቋት።

«ሴቷ ናት፣ እማማ። እሱ አጠገቧ ሆኖ ይዘፍናል።»